የተከፈለ ዕዳ መቼ ነው የሚረሳው?

(በማኅበራችን የ25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ፣ ሞያሌ፣ ኬንያ፣ በአንድ ነጋዴ አባል የቀረበ ንግግር)





 

የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ንግድ ትንሽ እንድናገር ሲጠይቀኝ እኔ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያላለፍኩ ባለሱቅ መሆኔን ነግሬያቸው ነበር። እነሱም «የደረሰብህን ተናገር፣ ሌላው ይማርበታል» አሉኝ። ስለዚህ የምናገረው የተማርኩትን ሳይሆን የደረሰብኝን ነው። ርዕሴ ተከፍሎ ያለቀ፣ ሂሳቡም የተዘጋ አሮጌ ብድር በስማችን ላይ ምን እንደሚያደርግ ነው። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ፤ የምንኖረው በኬንያ ስለሆነ ባንኩም የሚቆጥረው እንደዚያ ነው።

እንደሚታወቀው ማኅበራችን ሲመሠረት ከሞያሌ ናይሮቢ የሚሄድ ሰው በጭነት መኪና ላይ ቀናት ይፈጅ ነበር። ብድር ማለትም ከጎረቤት፣ ከዕቁብ ወይም ከኢስሊ ጅምላ ነጋዴ የሚገኝ ነገር ነበር። ሰውን የምናምነው በዓይኑ፣ በዘመዱ፣ በቃሉ ነበር። በ2007 ኤም-ፔሳ መጣ፤ በ2012 መጨረሻ በስልክ የሚበደሩበት ኤም-ሽዋሪ መጣ፤ በ2016 ገደማ ከኢሲኦሎ በማርሳቢት አድርጎ እስከ ሞያሌ ያለው መንገድ አስፋልት ሆነ። ባንኩም፣ ስልኩም፣ አስፋልቱም ወደ እኛ መጡ። ከእነሱ ጋር ግን ብዙዎቻችን ያላየነው አንድ መዝገብ አብሮ መጣ።

ይህ መዝገብ በተለምዶ ሲአርቢ የምንለው የብድር መረጃ ቢሮ መዝገብ ነው። ደንቡ በ2008 ወጥቶ በ2009 ሥራ ላይ ዋለ፤ የመጀመሪያው ቢሮ ከኬንያ ማዕከላዊ ባንክ ፈቃድ ያገኘው በ2010 ነው። ዛሬ ከሚታወቁት መካከል ትራንስዩንየን፣ ሜትሮፖልና ክሬዲትኢንፎ ይገኙበታል። መጀመሪያ ላይ ባንኮች ለቢሮው እንዲልኩ የተገደዱት ያልተከፈለውን ብድር ብቻ ነበር። በ2013 ደንብ ግን በአግባቡ የተከፈለውም ብድር አብሮ እንዲላክ ሆነ። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልግባ።

በ2014 ለሱቄ ማቀዝቀዣና ዕቃ መግዣ 150,000 ሽልንግ ከአንድ ባንክ ተበደርኩ። የባንኩን ስም አልጠራም፤ ስም ማንሳት ለዚህ በዓል አይገባም። በሁለት ዓመት የሚከፈል ነበርና አንድ ወር ሳላሳልፍ ከፈልኩ። በ2016 የመጨረሻውን ከፍዬ ለጸሐፊው «እንግዲህ ሂሳቡን ዝጉልኝ» አልኩት። እሱም በፈገግታ «ጨርሰሃል፣ ሂድ» አለኝ። እኔም ጨርሻለሁ ብዬ ሄድኩ። ወረቀት አልጠየቅሁም። ለሚስቴ ነገርኳት፣ ቡና አፈላች፣ ደስ ብሎን አመሸን።

ሦስት ዓመት አለፈ። በ2019 ልጄ ናይሮቢ ኮሌጅ ገባችና ለክፍያዋም ለሱቁም የሚሆን 120,000 ሽልንግ ከሌላ ባንክ ጠየቅሁ። የሱቁን ሂሳብ አዩ፣ ሱቁን ራሱን መጥተው አዩ፣ ሁሉ መልካም ነው አሉ። በሳምንቱ ግን ጠርተው «ስምዎ ሲአርቢ ላይ አለ፣ አንችልም» አሉኝ። እኔ እኮ ዕዳ የለብኝም! ሰው ተሳስቶ የሌላ ሰው ስም ያነበበ መስሎኝ ተቆጣሁ። ሪፖርቱን ሳወጣው ግን ስሙ የእኔ፣ የመታወቂያ ቁጥሩም የእኔ ነው። ከ2014ቱ ብድር ላይ 2,140 ሽልንግ ያልተከፈለ ይላል።

ነገሩ ሲጣራ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። የመጨረሻውን ክፍያ በፈጸምኩበት ቀንና ባንኩ ወለዱን ባሰላበት ቀን መካከል ጥቂት ቀናት ነበሩ። የእነዚያ ቀናት ወለድና የሂሳቡ የወር አገልግሎት ክፍያ ተደምሮ 380 ሽልንግ ቀርቶብኝ ነበር። ሂሳቡም በቃል እንጂ በወረቀት አልተዘጋም። 380ው ቅጣት እየወለደ 2,140 ደረሰ። የማስጠንቀቂያ መልእክት ልከው እንደሆነ ብጠይቅ፣ የላኩት ከ2017 በፊት በነበረኝ የስልክ ቁጥር ላይ ነበር። ያን ቁጥር እኔ ጥዬዋለሁ።

እኔም ተናድጄ፣ ልጄም ስለቸኮለችብኝ፣ በዚያው ቀን 2,140ውን ከፍዬ ወጣሁ። ከከፈልኩ ይጠፋል ብዬ ነበር። አልጠፋም። የተበላሸ ብድር መረጃ ዕዳው ተከፍሎ ካለቀበት ቀን ጀምሮ አምስት ዓመት በመዝገቡ ላይ ይቆያል። «አልተከፈለም» የሚለው «ተከፍሏል» ወደሚል ይለወጣል እንጂ ታሪኩ ይቀመጣል። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ቅሬታዬን በጽሑፍ አስገብቼ እንዲመረመር ማድረግ ነበረብኝ። እኔ ግን ከፈልኩና ዝም አልኩ። የባንኩም ስህተት የእኔ ዕዳ ሆኖ ተመዘገበ።

ልጄ አንድ የትምህርት ወቅት አለፋት። በሚቀጥለው የገባችው ከመካከላችሁ አንዱ የዕቁብ ዕጣውን ለእኔ ስለለቀቀልኝ ነው። ስሙን ብጠራው ስለማይወድ አልጠራውም፤ እዚህ ተቀምጧል፣ እሱ ያውቃል። እግዜር ይስጥልኝ።

ወንድሞችና እህቶች፣

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ለማማረር አይደለም። ባንኩን ስከስ ከርሜ አንድ ማታ የራሴን የዱቤ ደብተሮች አወጣሁ። የዱቤ ደብተር አልጥልም፤ ከጥንት ጀምሮ ያሉት በካርቶን ውስጥ ተቀምጠዋል። ባንክ ይህን ካደረገኝ እኔስ ምን አድርጌ ይሆን ብዬ ቅጠል በቅጠል አየሁ። የተከፈለባቸው ግን ያልተሰረዙ ስሞች አገኘሁ። አንዱ ሻይ እየሸጠች ልጆቿን ታሳድግ የነበረች እህታችን ስም ነው። ስኳርና ዘይት በዱቤ ወስዳ፣ እኔ ሳልኖር ለሱቁ ልጅ ከፍላለች። ልጁ ገንዘቡን መሳቢያ ውስጥ አስገብቷል፣ ስሟን ግን አልሰረዘም። በኋላ በቸገራት ቀን ልጆቿን ለግማሽ ኪሎ ስኳር ስትልክ «የድሮው ሳይከፈል አዲስ አይሰጥም» ብዬ መልሻቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሱቄ አልመጣችም። እኔም ዕዳዋን ሽሽት መስሎኝ ነበር።

ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። እሷም «ጋሼ፣ የኔስ አልፏል፤ ልጆቹ ግን ከሱቅዎ በር ባዶ እጃቸውን መመለሳቸውን እስከዛሬ ያነሱታል» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ የባንኩ መዝገብና የእኔ ደብተር አንድ ናቸው። ሁለቱም ሰው በሌለበት ስለ ሰው ይመሰክራሉ። ልዩነቱ፣ የባንኩ መዝገብ ሕግ አለው፤ የእኔ ደብተር ሕግ አልነበረውም።

አሁን ሁላችን ማወቅ የሚገባንን በአጭሩ ልዘርዝር።

አንደኛ፤ የተዘጋ ብድር ሁሉ መጥፎ አይደለም። ከላይ እንዳልኩት ከ2013ቱ ደንብ ወዲህ በጊዜው የተከፈለ ብድርም ይመዘገባል። ተበድሮ በአግባቡ ከፍሎ የዘጋ ሰው ምስክር አለው። ምንም ተበድሮ የማያውቅ ሰው ግን ለባንኩ እንግዳ ነው። ስለዚህ «መዝገቡ ላይ ስሜ አለ» ሲባል አትደንግጡ፤ የሚጠየቀው በመልካም ነው ወይስ በክፉ የሚለው ነው።

ሁለተኛ፤ ብድር ስትጨርሱ «ጨርሰሃል» የሚል ቃል አትቀበሉ። ቀሪው ዜሮ መሆኑንና ሂሳቡ መዘጋቱን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ተቀበሉ። ከመክፈላችሁ በፊትም «በዚህ ቀን ብከፍል ሁሉንም ለመጨረስ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የእኔ 380 ሽልንግ የመጣችው ይህን ባለመጠየቄ ነው።

ሦስተኛ፤ የስልክ ብድርም ብድር ነው። አፑን ከስልክ ማጥፋት ወይም ሲም ካርዱን መጣል ብድሩን አይዘጋውም፤ ዕዳው የተያዘው በመታወቂያ ቁጥር ነው። በተለይ እዚህ ድንበር ላይ አንድ ልማድ አለን። ወረቀት ያላለቀለት ዘመድ ሲመጣ ሲም ካርድ በስማችን አውጥተን እንሰጠዋለን። እሱ በዚያ ቁጥር ኤም-ሽዋሪ ወይም በ2019 የጀመረውን ፉሊዛ ተበድሮ ወደ ሌላ አገር ቢሻገር፣ የሚመዘገበው የእኛ ስም ነው። ዘመድን መርዳት ባህላችን ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩን በስማችን ስናወጣ ስማችንን እንዳበደርን እንወቅ።

አራተኛ፤ መብታችንን እንወቅ። አበዳሪ በክፉ ሊያስመዘግበን ሲል ከ30 ቀን በፊት ማሳወቅ አለበት፤ ስለዚህ ስልክ ስትቀይሩ ለባንኩ አሳውቁ። በዓመት አንድ ጊዜ የራሳችንን ሪፖርት ያለ ክፍያ ማግኘት እንችላለን። ስህተት ካለ ለቢሮው ቅሬታ ማስገባት ይቻላል፤ ቢሮውም ከአበዳሪው ጋር የማጣራት ግዴታ አለበት። በ2020 የወጣው ደንብ ደግሞ ከ1,000 ሽልንግ በታች የሆነ ዕዳ በክፉ እንዳይመዘገብ ከልክሏል። የእኔዋ 380 ያኔ ይህ ደንብ ቢኖር፣ ቅጣቱም ባይቆለልባት ኖሮ፣ አትመዘገብም ነበር። በዚያው ዓመት ማዕከላዊ ባንኩ እሱ የማይቆጣጠራቸው የስልክ አበዳሪዎች ስም ወደ ቢሮ እንዳይልኩ አድርጓል። በ2022 መጨረሻ ደግሞ ከ4.2 ሚሊዮን በላይ በስልክ ብድር የተመዘገቡ ሰዎች ከዕዳቸው ቢያንስ ግማሹ ተቀንሶላቸው እንዲከፍሉና ስማቸው እንዲስተካከል ዕድል ተሰጥቶ ነበር። ያ ዕድል በ2023 ግንቦት መጨረሻ አበቃ። ከመካከላችን የተጠቀመበት ጥቂት ነው። ያልተጠቀምነው ስላልሰማን ነው።

አምስተኛ፤ ፓስፖርት ወይም የውጭ ዜጋ መታወቂያ ስትቀይሩ የድሮውን ቅጂ አስቀምጡ። ብድሩ የተዘጋው በድሮው ቁጥር ከሆነና ዛሬ የያዛችሁት አዲስ ቁጥር ከሆነ፣ ሁለቱ ሰዎች አንድ መሆናቸውን የምታስረዱት እናንተ ናችሁ።

ልጆቻቸው አሜሪካ ያሉ ወላጆችም ስለጠየቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። የእህቴ ልጅ እዚያ ነው ያለው። ባለፈው ስልክ ደውሎ «አጎቴ፣ የድሮ ክሬዲት ካርዴን ከፍዬ ዘጋሁት፣ ነጥቤ ግን ወረደ» አለኝ። እኔም ጠይቄ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ። እዚያ የተዘጋ ካርድ ወዲያው ከሪፖርት አይወጣም። በአግባቡ የተከፈለ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እስከ አሥር ዓመት በመልካም ይቆያል፤ የዘገየ ክፍያ ያለበት ከሆነ ግን ያ የዘገየው በሕጉ መሠረት እስከ ሰባት ዓመት ይታያል። ሕጉ በ1970 የወጣ ነው።

ታዲያ የልጁ ነጥብ ለምን ወረደ? ሁለት ካርድ ነበሩት፤ በእያንዳንዱ 1,000 ዶላር መበደር ይፈቀድለታል። በአንደኛው ላይ 600 ዶላር ዕዳ ነበረበት። ከ2,000 ላይ 600 ማለት ሠላሳ በመቶ ነው። ባዶውን ካርድ ሲዘጋው የተፈቀደለት ወደ 1,000 ወረደ፤ ዕዳው ያው 600 ነው፣ አሁን ግን ስድሳ በመቶ ሆነ። አበዳሪው የሚያየው «ይህ ሰው የተሰጠውን ሊጨርስ ነው» የሚል ነው። በእኛ ሱቅ ቋንቋ፣ ሁለት ሱቅ ዱቤ ያለው ሰው አንዱን ሲዘጋ በሌላው ላይ ተንጠላጥሎ እንደመቅረት ነው። ስለዚህ የዓመት ክፍያ የሌለበትን አሮጌ ካርድ ለመዝጋት ከመቸኮል በፊት በሌላው ያለውን ዕዳ መክፈል ይሻላል። ዓመታዊ ክፍያ የሚያስከፍል ከሆነ ወይም ለማይገባ ወጪ የሚፈትን ከሆነ ግን መዝጋቱ ጥሩ ነው፤ ነጥብ ይመለሳል፣ የባከነ ገንዘብ ግን አይመለስም።

ደግሞ አንድ ሰው ከዚህ ተነስቶ አሜሪካ ሲገባ የኬንያው መልካም ስሙ አብሮት አይሻገርም፤ እዚያ እንደ አዲስ ይጀምራል። ስሙን ቀስ እያለ እንዲያሳድግ ልጆቻችሁን ምከሩ።

የተከበራችሁ ተሰብሳቢዎች፣

ለመዝጊያ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው፣ የእድራችን ጸሐፊ ዘንድ አንድ ፋይል ይከፈት። ብድር የጨረሰ አባል የክሊራንስ ደብዳቤውን ቅጂ ያስቀምጥ። ቤት ይቃጠላል፣ ወረቀት ይጠፋል፣ ሰው ይሞታል። አባት ሲሞት ልጆቹ የተከፈለውን ዕዳ ዳግም እንዳይከፍሉ ይህ ፋይል ይረዳል።

ሁለተኛው፣ እንግሊዝኛና ስዋሂሊ የሚያነቡ ወጣቶቻችን በዓመት አንድ ቀን ለእናቶችና ለአባቶች ሪፖርታቸውን አውጥተው ያንብቡላቸው። ስልክ ላይ የሚመጣው ማስጠንቀቂያ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ማንም ስላላነበበው ነው።

ሦስተኛው ደግሞ ስለራሳችን ነው። በዕቁባችን ደብተር ውስጥ ከብዙ ዓመት በፊት ዕጣ ወስደው ክፍያ ያዘገዩ፣ በኋላ ግን የከፈሉ ሰዎች አሉ። ዛሬም አዲስ ዕቁብ ሲጀመር «እሱማ የዚያን ጊዜ...» እየተባለ ወደ ኋላ ይደረጋሉ። እኔም ያልኩበት ጊዜ አለ። የባንኩ መዝገብ እንኳ በአምስት ዓመት ይለቃል። እኛ የአንድ አገር ልጆች፣ በሰው አገር አብረን የተሰደድን፣ አብረን የምንቀባበር ሰዎች፣ ከባንክ ይልቅ ቂመኛ መሆን የለብንም። ስለዚህ በሚቀጥለው ጉባኤ ይህ ይወሰን እላለሁ፤ የከፈለ ሰው በዚያው ቀን በፊቱ ይሰረዝለት፣ ሁለት ምስክር ይፈርም፣ ወረቀት ይሰጠው፤ ከተወሰነ ዓመት በኋላም አሮጌው ነገር በስብሰባ ላይ አይነሳ። ዓመቱን ጉባኤው ይወስን፤ እኔ ግን ከአምስት እንዳይበልጥ እለምናለሁ።

በ2024 አምስት ዓመቴ ሞላና ሪፖርቴን አወጣሁ። ያ 2,140 የለም። ከ2014ቱ ጀምሮ ያስጨነቀኝ ነገር ከወረቀቱ ወጥቶ አየሁት። ወረቀቱን ለልጄ በስልክ ላክሁላት፤ እሷ አሁን ሥራ ይዛለች። ቀጥዬ ደብተሬን አውጥቼ የቀሩትን የተከፈሉ ስሞች በቀይ ቀለም ሰረዝኳቸው፤ ለባለቤቶቹም በየቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። ያቺ እህታችንም አሁን ልጆቿን ወደ ሱቄ ትልካለች።

ፈጣሪ ማኅበራችንን ለወርቅ ኢዮቤልዩም ያድርስልን።